በረኛዋና እምቢ ያሉት መሳቢያዎች

በረኛዋ ፈሪ ናት። ይህንን አትደብቅም፤ ሰው ስለ ጉንፋኑ እንደሚያወራ እሷም ስለ ፍርሃቷ ታወራለች። ከቤት ስትወጣ ምድጃው መጥፋቱን ታያለች፤ ደረጃውን ከወረደች በኋላ ልቧ አላምን ይላትና ተመልሳ ወጥታ እንደገና ታያለች። ስልክ ሲጮህ ደረቷን በመዳፏ ይዛ ነው የምታነሳው። ከልጅነቷ ጀምሮ ጨለማ አትወድም፤ ዛሬም፣ ሽበት በፀጉሯ ላይ ጣል ጣል ካለ በኋላ፣ መብራት የሌለው ኮሪደር ስታቋርጥ ታንጎራጉራለች። ዜማው ከፊቷ ቀድሞ ገብቶ፣ ጥጋጥጉን አይቶ፣ «ማንም የለም፣ ነይ» እንዲላት ይመስላል።

እንግዲህ የአንድ ቢሮ ሰዎች የዓመታት ሥራቸውን በሙሉ አደራ የሰጡት ለዚህች ሴት ነው።

ቢሮው ከልብስ ሰፊዎች ሱቅ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነው። ከታች የስፌት መኪናዎቹ ሲንደቀደቁ ወለሉ በስሱ ይርገበገባል፤ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ውሃ ፊቱ ይሸበሸባል። ወደ ጣሪያው በሚያወጣው ደረጃ ሥር፣ ድሮ መጥረጊያና ባልዲ ይቀመጥባት የነበረች ጓዳ አለች። በጓዳዋ ውስጥ፣ አንድ ትንሽ ማራገቢያ ፊቷ ላይ ተደቅኖ፣ ሰርቨሯ ትኖራለች። ፕሮግራመሮቹ የጻፉት ኮድ ሁሉ፣ ዛሬ የቀየሩት፣ አምና የሰረዙት፣ ማን ለምን እንደነካው ጭምር፣ ንብርብር እየሆነ የሚቀመጠው እሷ ዘንድ ነው። እያንዳንዱ በላፕቶፑ የሠራውን ወደ እሷ ይልካል፤ መላኩን «ፑሽ ማድረግ» ይሉታል። የሌላውን ሥራ ደግሞ ከእሷ ይወስዳል። ሰርቨሯን ከማንም አልተከራዩም፤ የራሳቸው ናት። ስለዚህ ብትታመም የሚያስታምማት፣ ብትዘጋ የሚከፍትላት ከመካከላቸው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ጠረጴዛዋን ከጓዳዋ በር አጠገብ ያስጠጋችው በረኛዋ ናት።

ስሟን ያወጣላት የቤቱ ልማድ ነው። አንድ ሰው ፑሽ ከማድረጉ በፊት፣ ከወንበሩ ሳይነሳ ጮክ ብሎ «ልግባ?» ይላል። እሷም ከጓዳዋ ደጃፍ «ግባ» ትላለች፤ ሴት ከሆነች «ግቢ»። የተጀመረው ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ልከው፣ አንዱ የሌላውን ሥራ አጥፍቶበት፣ ሰላምታ እስከ መተው የደረሱ ዕለት ነው። ዛሬ ሰርቨሯ ራሷ ይህን ታስተናግዳለች፤ ፈቃድ መጠየቁ ለምንም አይጠቅምም። ግን ማንም አልተወውም፤ ድምፅዋን ስለለመዱት። በደህናው ቀን «ግባ»ን በዜማ ነው የምትለው። ሲላትም የራሷን ስንኝ ትጨምርበታለች፦

ልግባ ባይ ጨዋ ነው፣ ደጅ ላይ የሚጠራ፣
ግባ ባይዋ እኮ ናት፣ ውስጧ የሚፈራ።

እዚህ ከመምጣቷ በፊት የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ቀኑን ሙሉ ድምፅን ከድምፅ ስታገናኝ ኖራ፣ ማገናኘቱን መሣሪያ ሲረከባት ወንበሯ ተነሳ። የአሁኑ ቢሮ አለቃ፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው ረጋ ያሉ ሰው፣ በዚያ ስልክ ለዓመታት ሲደውሉ የኖሩ ደንበኛ ነበሩ። «አንድም ቀን የማልፈልገው ሰው ላይ ጥላኝ አታውቅም» ብለው ነው የወሰዷት። ሙያውን እዚሁ ተማረች። ኮማንድ የሚባሉትን የማሽኗን ትእዛዞች እንደ ዘፈን ግጥም በቃሏ ያዘች፤ ስትጽፋቸው ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

ያን ቀን ጠዋት ግን ከንፈሯ የሚንቀሳቀሰው ለዜማ አልነበረም።

ታላቅ እህቷ በሆስፒታል የጨቅላዎች ክፍል ነርስ ናት። እናታቸው ሥራ ውላ እስክትመለስ እጇን ይዛ ያሳደገቻት እሷ ናት፤ ዛሬም «ሚጣ» እያለች የምትጠራት እሷ ብቻ ናት። በዚያ ክፍል ያሉት ስክሪኖች የሚሠሩት በዚህ ቢሮ ፕሮግራም ነው። ነርሷ የሕፃኑን ክብደትና የመድኃኒቱን ስም ታስገባለች፤ ፕሮግራሙ ምን ያህል መስጠት እንዳለባት ይነግራታል። በዋዜማው እህትየው ከአንድ ኪሎ በታች የምትመዝን አንዲት ጨቅላ መዝና፣ ስክሪኑ ላይ የወጣውን ቁጥር አይታ እጇን ሰበሰበች። በዛባት። በወረቀት አሰላችው፤ እውነትም በዝቷል። ወዲያው ለታናሿ ደወለች።

ስህተቱን ያገኘው ቅንጣት ነው። ቅንጣት የሚሉት በር ሲገባ ጎንበስ የሚል፣ የተቀመጠበት ወንበር የሚያቃስት ግዙፍ ፕሮግራመር ነው። ፕሮግራሙ በጣም ትናንሾቹ ሕፃናት ላይ ሲደርስ ቁጥሩን ወደ ላይ እያጠጋጋ ኖሯል። አረመው። ጠዋት ላፕቶፑን ታቅፎ ሆስፒታል ሄደ፤ የሆስፒታሉ ፋርማሲስት አጠገቡ ተቀምጠው መስመር በመስመር አነበቡት፤ ትክክል ነው ብለው በኤሌክትሮኒክ ማኅተማቸው አተሙት። ማኅተሙ ጥብቅ ነው። ከታተመ በኋላ ኮዱ ላይም ሆነ ከኮዱ ጋር በሚላከው አጭር መግለጫ ላይ አንዲት ነጥብ ብትነካ ይፈርሳል። የሆስፒታሉ ኮምፒውተሮችም የታተመውን ብቻ፣ ከዚህች ሰርቨር ብቻ ነው የሚቀበሉት። ፋርማሲስቱ አትመው እንደጨረሱ ወደ ሌላ ከተማ መንገድ ጀመሩ። የቀረው ፑሽ ማድረግ ብቻ ነበር።

«ልግባ?» አለ ቅንጣት፣ ገና ጃኬቱን ሳያወልቅ።

«ግባ፣ ግባ» አለች በረኛዋ።

ቁልፉን ተጫነ። ጠበቀ። ከዚያ አንገቱን ወደ ስክሪኑ አስረዘመ።

«እምቢ አለች።»

«ምን አለች?»

«ወደ ቋሚ ማስቀመጫዬ ማዛወር አልቻልኩም ነው የምትለው። ምክንያቱን አትናገርም።»

በረኛዋ ተነስታ ጓዳዋን ከፈተች። ሙቅ አየር ፊቷን መታት። አረንጓዴዎቹ መብራቶች እንደወትሮው ብልጭ ድርግም ይላሉ። ዲስኩ «ቀጭ» አለ፤ ዝም አለ፤ እንደገና «ቀጭ»። ይህን ድምፅ ከዚህ በፊት ሰምታው ታውቅ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረች፤ አቃታት። ፍርሃት ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያባርረው ትዝታን ነው።

ወንበሯ ላይ ተመለሰችና ሰርቨሯን መጠየቅ ጀመረች። ዲስኩ ሞልቶ ይሆን? አልሞላም፤ ግማሹ ባዶ ነው። መጻፍ አቅቶት ይሆን? ትንሽ ፋይል ፈጥራ ሞከረች፤ ጻፈ። መስመሩ ተቋርጦ ይሆን? አልተቋረጠም። እንዲህ እያጣራች ሳለ ከመስኮቱ በኩል የምትቀመጠው፣ በቅርቡ ያገባችውና ሁሉም «ሙሽራዋ» የሚሏት ፕሮግራመር «ልግባ?» አለች።

«ቆዪ እስቲ» አለች በረኛዋ፤ ወዲያው ደግሞ «አይ፣ ግቢ። ግቢና እንይ።»

የሙሽራዋ ሥራ እንደ ቅቤ ገባ።

ሁሉንም ብትመልስ ኖሮ እንደዚህ ባላስፈራ። አንዱን እየመለሰች አንዱን የምታስገባ ሰርቨር ግን ልክ እንዳልሆነ ሰው ናት፤ ቀጥሎ ምን እንደምታደርግ አይታወቅም።

«እኔን ነው የጠላችው?» አለ ቅንጣት።

«ወፍረህባት ይሆናል፤ በሩ ጠቧት» አለች ሙሽራዋ። የሳቀ ሰው ግን አልነበረም፤ ራሷም አልሳቀችም።

የበረኛዋ ስልክ ጮኸ። ደረቷን ይዛ አነሳችው።

«ሚጣ፣ ደረሰ?»

«ገና ነው እትዬ። ትንሽ... ትንሽ ነገር ገጥሞን ነው።»

«እሺ፣ አይዞሽ። በእጃችን እያሰላን ነው። እኔ አሰላለሁ፣ ጓደኛዬ ታጣራለች። አትቸኩሉ።»

እህቷ «አትቸኩሉ» ስትል ድምፅዋ ለስልሶ ነበር። በረኛዋ ይህን ድምፅ ታውቀዋለች። እህቷ ደስ ሲላት ትጮሃለች፤ ስትናደድ ትጮሃለች፤ የምትለሰልሰው ስትፈራ ብቻ ነው።

ጋሼ ከክፍላቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወጡ። ነገሩን ሰሙ። ጓዳዋ ደጃፍ ቆመው ጆሯቸውን ጣሉ። ዲስኩ «ቀጭ» አለ።

«ይህ ነገር እየሞተ እንዳይሆን» አሉ በዝግታ።

በረኛዋ የፈራችውን በሌላ ሰው አፍ ስትሰማው ነገሩ እውነት የሆነ መሰላት።

«አጥፍተሽ አብሪያታ» አሉ ጋሼ። «ስንት ጊዜ በዚያ ድናለች።»

«ካጠፋኋት በኋላ ባትነሳስ ጋሼ? ኮዱ በየሰዉ ላፕቶፕ አለ፣ እሱ አይጠፋም። ሆስፒታሉ ግን ከእሷ ሌላ ማንንም አያውቅም። ሌላ ሰርቨር አቁመን፣ እነሱን አስፈቅደን፣ በራቸውን እስኪከፍቱልን...»

አልጨረሰችውም። ጋሼ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ጠረጉት፤ ንጹሕ ነበር።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ይህን ጊዜ እህቷ ከፊተኛውም ይልቅ ለስልሳለች።

«ሚጣዬ። እንዲሁ ነው የደወልኩት። ጓደኛዬን ማዋለጃ ክፍል ጠሯት፤ ከባድ ወሊድ ገጥሟቸው። ሌላ ሰው ይመጣልሻል ብለውኛል።»

«እስኪመጣ ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ። ሁለቴ ሁለቴ እያሰላሁ ነው። አንዳንዴ ግን ዓይኔ... ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ ነው ያደርኩት። ብቻ ተይው። ሲደርስ ደውይልኝ።»

በረኛዋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በጣም በቀስታ አስቀመጠችው፤ የምታስቀምጠው ስልኩን ሳይሆን ከእነዚያ ሕፃናት አንዱን ይመስል።

ቅንጣት ይህን ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። «ስሚ በረኛዋ፤ ማኅተሙ ባይኖር ኖሮ እኮ ቀላል ነበር። አንድ ቃል ለወጥ አድርጌ ብልከው ትቀበለኛለች።»

«ማን ናት የምትቀበልህ?»

«ሰርቨሯ። ብዙውን ጊዜ እንደሱ ነው። እምቢ ስትል መግለጫው ላይ አንድ ቃል ትቀይሪና እንደገና ትልኪያለሽ። አንዳንዴ በመጀመሪያው፣ አንዳንዴ በሁለተኛው ትገባለች።»

በረኛዋ ወንበሯን አዞረች። «ብዙውን ጊዜ?»

ቅንጣት ዙሪያውን ተመለከተ። ሙሽራዋ ጥፍሯን ማየት ጀመረች። በሩ አጠገብ የሚቀመጠው ዝምተኛ ሰውዬ ወደ ስክሪኑ ተደፋ።

«እናንተም?» አለች በረኛዋ።

«እኔ መስመሩ መስሎኝ» አለች ሙሽራዋ። «የኔ ላፕቶፕ ደግሞ አሮጌ ነው፤ ለዚህ ብዬ አንቺን ማስደንገጥ...»

«አንቺ ደግሞ ስትደነግጪ ቀኑን ሙሉ ውሃ አይወርድልሽም» አለ ዝምተኛው ከተደፋበት።

ለካ ሁሉም ያውቃል። እያንዳንዱ ለብቻው እምቢ ተብሎ፣ ለብቻው አንድ ቃል ለውጦ፣ ለብቻው ተቀባይነት አግኝቶ፣ ለእሷ ግን ትንፍሽ ሳይል ከርሟል። ራርተውላት ነው። «ልግባ?» ይሏታል፤ «ግባ» ትላቸዋለች፤ ሲመለሱ አይነግሯትም፤ ሁለተኛውን ሙከራ ሳያንኳኩ በዝምታ ያደርጉታል።

ጋሼ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አንድ ጊዜ ወዲህ፣ አንድ ጊዜ ወዲያ አሉ። «ለችግር ቀን ብለው የሰጡኝ የእኔም ማኅተም አለ። ሆስፒታሉ ይቀበለዋል። ቅንጣት አንድ ቃል ይቀይር፤ እኔ ልተምበት።»

«እርስዎ ፋርማሲስት አይደሉም ጋሼ።»

«ኮዱን መች ነካነው? መግለጫው ላይ አንድ ቃል ነው።»

«ቃሉን አይደለም የፈራሁት።» በእጇ ወደ ጓዳዋ ጠቆመች። «ለምን እምቢ እንዳለች ሳናውቅ ነው የምንልከው። ዲስኩ ታሞ ከሆነ፣ ግማሹን ጽፋ ግማሹን ብትተውስ? ያ ግማሽ ነገር እትዬ ስክሪን ላይ ቁጥር ሆኖ ቢወጣስ? እሷ እኮ አሁን ደክሟታል። የመጣላትን ታምናለች።»

ጋሼ ቆሙ። «እንግዲያው ለምን እንደሆነ ንገሪኝ» አሉ። አልተቆጡም። ለምነዋት ነበር ቢባል ይቀላል።

ወደ ስክሪኗ ዞረች። ምን እንደምትፈልግ ሳታውቅ፣ እጇ ሥራ ስለፈለገ ብቻ፣ ሰዎቹ የላኩትን ሁሉ ከነመግለጫው ከፈተች። ወደ ኋላ እየሄደች አነበበች። «የቀን አጻጻፍ ተስተካከለ እባክሽ።» «የመግቢያው ገጽ ቀለም፣ በቃ አሁንስ።» «ቁልፉ ወደ ቀኝ ዞረ የኔ ቆንጆ።» ይህ የቅንጣት ነው። «ፊደል ታረመ፣ ምን አድርጌሽ ነው።» ይህ የዝምተኛው ነው፤ እንዲህ ብዙ ሲናገር ሰምታው አታውቅም። የተለወጡት ቃላት ሁሉ ልመና ሆነው ኖረዋል። አንድ ቢሮ ሙሉ ሰው፣ እሷ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ እያንጎራጎረች፣ ጀርባዋ ላይ በሩን ሲለምን ከርሟል።

ልመናዎቹን ወደ ኋላ ተከተለቻቸው። ከባለፈው ሳምንት ማክሰኞ በፊት አንድም የለም። ሰኞ ሁሉም የገባው በደህና ነው። እሑድ ማንም አልነበረም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ።

እጇ ቆመ።

ሰኞ ከሰዓት ጋሼ እንግዶች ይዘው መጥተው ነበር። አንድ የድሮ ሥራ ሊያሳዩአቸው ፈለጉ፤ ሥራው ከተቀመጠበት ከሌላ ዲስክ መምጣት ነበረበት። እንግዶቹ ደጃፏ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ሰርቨሯ ውስጥ የሚገባበት ስም ሁለት ነው። አንደኛው የአዘቦቱ ስም ነው፤ የሰዉን ፑሽ ተቀብሎ የሚያስቀምጠው እሱ ነው። ሁለተኛው «ሩት» የሚሉት ነው፤ ሁሉን ይከፍታል፣ ሁሉን ይሰብራል፣ የሚከለክለው የለም። የአዘቦቱ ስም በሆነ ትንሽ ነገር እምቢ ሲላት፣ እንግዶቹ ሰዓታቸውን ሲያዩ፣ ላቧ ሲመጣ፣ ለአንድ አፍታ ብላ በሩት ገባች። የድሮውን ሥራ አመጣች። እንግዶቹ አዩ፣ አመሰገኑ፣ ሄዱ። እሷም እፎይ አለች።

ማስቀመጫውን ከፈተችና አየችው። ሰርቨሯ የሚሰጣትን ሁሉ የምታስቀምጠው በብዙ ትናንሽ መሳቢያዎች ነው። የትኛው ነገር የትኛው መሳቢያ እንደሚገባ የሚወስነው ሰው አይደለም፤ ከነገሩ ከራሱ ፊደላት የሚሰላ ቁጥር ነው። አንድ ፊደል ሲቀየር ቁጥሩ ይቀየራል፤ ቁጥሩ ሲቀየር መሳቢያው ይቀየራል። ከመሳቢያዎቹ አብዛኞቹ የአዘቦቱ ስም ተጽፎባቸዋል። ሌሎቹ ግን፣ እዚህም እዚያም ጣል ጣል ብለው፣ ሰኞ የተሠሩት፣ ባለቤታቸው ሩት ነው። የአዘቦቱ ሠራተኛ እነሱን መክፈት አይችልም። ዕድለኛው ሰው ሌላ መሳቢያ ይደርሰዋል፣ ይገባል። ዕድል የከዳው ሰኞ የተሠራው ላይ ይወድቃል፣ ይመለሳል። ቃል ለውጠው ሲልኩ ሌላ መሳቢያ ይደርሳቸዋል። አስማቱ ይኸው ነበር።

ዲስኩ አልታመመም። «ቀጭ» ይላል፤ ሁልጊዜም እንዲሁ ሲል ኖሯል።

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። የመጣው ግን ከፊተኛው የባሰ ፍርሃት ነበር፤ አሁን የሚፈራው ነገር ጓዳው ውስጥ ሳይሆን እጇ ጫፍ ላይ ነውና።

«ጋሼ» አለች፣ ሳትዞር። «እኔ ነኝ። ሰኞ እንግዶቹ ሲመጡ በሩት ገብቼ ነበር። የሠራኋቸው መሳቢያዎች ተቆልፈው ቀርተዋል።»

ከታች የስፌት መኪናዎቹ ይሰማሉ።

«ያዋከብኩሽ እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ። «አሁን የሚከፈት ነው?»

«በአንድ መስመር ይከፈታል። የማስቀመጫውንና በውስጡ ያለውን ሁሉ ባለቤትነት ለአዘቦቱ ስም መመለስ ነው። ግን መስመሩን የምጽፈው በሩት ሆኜ ነው።»

ቅንጣት ገባውና ወንበሩን ጎትቶ ጎኗ ተቀመጠ። ወንበሩ አቃሰተ። በሩት ሆኖ የተጻፈን ነገር ማሽኗ አትጠይቅም፣ አታመነታም፣ ታደርገዋለች። የማስቀመጫው አድራሻ ውስጥ አንዲት ክፍት ቦታ በስህተት ብትገባ፣ ኮማንዱ አድራሻውን ለሁለት ከፍሎ ያነበዋል፤ የመጀመሪያው ግማሽ የሰርቨሯ ሥር ነው፣ መላው ሰርቨር። ያኔ የሁሉም ነገር ባለቤት ይቀየራል፤ ሰርቨሯም ራሷን አታውቅም።

መጻፍ ጀመረች። ጣቶቿ ቀዝቅዘዋል። ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ከየት እንደመጣ ያላወቀችው ስንኝ ነው፦

በሩ ተከፍቶልኝ፣ ደጁ ላይ የቆምኩት፣
ቁልፉ ጠፍቶኝ አይደል፣ እጄን ነው የፈራሁት።

ጨረሰች። አውራ ጣቷ ማስፈጸሚያው ቁልፍ አጠገብ ደረሰ።

«ቆይ» አለ ቅንጣት። «ላንብብልሽ። ፊደል በፊደል ልጥራልሽ፣ አንቺ ደግሞ አዎ በይ።»

እሱ ይጠራል፣ እሷ «አዎ» ትላለች። ድምፁ እንደ ሰውነቱ ወፍራም ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል ከአፉ ሲወጣ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ ይመስላል። አድራሻው ላይ ደረሰ። የመጀመሪያውን ምልክት ጠራ። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ።

«ምንድን ነው?»

ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ። «እዚህ ጋ ክፍት ቦታ አለች።»

አየችው። ነበረች። ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ባዶ ቦታ። የተንቀጠቀጠው አውራ ጣቷ ሲያልፍ ነክቷት ነው። ሙሽራዋ ከኋላ ሆና አፏን በእጇ ከደነች። በረኛዋ ክፍተቷን አጠፋች። ከዚያ እጆቿን ከሰሌዳው አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች፤ አንዱን በሌላው ያዘች፤ እስኪሞቁ ጠበቀች።

«ከመጀመሪያው አንብብልኝ» አለች።

ከመጀመሪያው አነበበላት። ሁሉም «አዎ» ሆነ። ተጫነችው።

ስክሪኑ ምንም ሳይል ወደ ባዶው መስመር ተመለሰ። እንዲህ ያለ ኮማንድ ሲሳካ አያመሰግንም፣ አይናገርም። መሳቢያዎቹን መልሳ አየቻቸው። ሁሉም ላይ የአዘቦቱ ስም ተጽፏል። ወዲያውኑ ከሩት ወጣች፤ ሁለት ጊዜ አረጋገጠች፤ ሦስተኛም ልታረጋግጥ ስትል ቅንጣት «ወጥተሻል፣ ወጥተሻል» አላት።

ወደ ወንበሩ ተመለሰ። የታተመው ሥራ አንዲት ነጥብ ሳትነካበት ላፕቶፑ ላይ ይጠብቃል።

«ልግባ?»

ዜማ አልወጣትም። «ግባ» አለች፣ ለራሷ እንደምታወራ።

ገባ።

ማንም አላጨበጨበም። ጋሼ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ እስካሁን ቆመው እንደነበር ያወቁት ያን ጊዜ ይመስላል። የሆስፒታሉ ኮምፒውተሮች አዲስ ነገር መኖሩን በራሳቸው ሰዓት እየመጡ ነው የሚያዩት፤ ማስቸኮል አይቻልም። በረኛዋ ስልኩን ሁለት እጇ ውስጥ ይዛ ተቀመጠች። ሳይጮህ በፊት ሲርገበገብ ተሰማትና አነሳችው።

«መጣ» አለች እህቷ። «ማኅተሙም አለ። ሚጣ፣ አትዝጊው። በእጄ ያሰላሁትን ከዚህኛው ጋር አስተያያለሁ፤ አንቺ ስሚኝ።»

«እየሰማሁሽ ነው እትዬ።»

የእህቷ ጫማ ወለሉ ላይ ሲሄድ ይሰማል። የአንድ መሣሪያ ቀጭን ድምፅ፣ የአንድ ሕፃን ከድመት ልጅ የማይበልጥ ለቅሶ። «በሩ አጠገብ ያለው... ይገጥማል። ከእሱ ቀጥሎ ያለችው... ትገጥማለች። ያቺ ትናንት ያልኩሽ... ገጥማለች፣ ልክ ነው።» ጫማው ሄደ፤ ቆመ።

«እትዬ?»

«መስኮቱ አጠገብ ያለው አይገጥምም።»

በረኛዋ ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ ጠረጴዛው ላይ አደረገችና ድምፁን ለሁሉም ከፈተችው።

«ማንኛው ነው የበዛው? የፕሮግራሙ ነው ያንቺ?»

«የእኔ። የፕሮግራሙን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። አንዳችን ተሳስተናል።»

«ክብደቱን ንገሪኝ እህቴ፣ ከአልጋው ላይ አንብበሽ» አለ ቅንጣት። ነገረችው። ወረቀት አልፈለገም፤ ዓይኑን ጨፍኖ እየተናገረ አሰላው፤ ማካፈሉን፣ ማባዛቱን፣ ሁሉንም ጮክ ብሎ። የደረሰበት ቁጥር የፕሮግራሙ ነበር።

ከወዲያ ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ። ከዚያ እህቷ ስትናገር ድምፅዋ አልለሰለሰም፤ ጨርሶ አልነበረም ለማለት ይቀላል።

«ክብደቱን ተሳስቻለሁ። የወሰድኩት የጎረቤቱን ነው። ሁለቴ አሰላሁት፤ ሁለቴም የጎረቤቱን።»

«ሰጥተሽዋል?» አለች በረኛዋ።

«መርፌው እጄ ላይ ነው።»

ከዚያ ብረት ሳህን ላይ አንድ ቀላል ነገር ሲቀመጥ ተሰማ፤ በጣም ቀላል፣ ማንኪያ ያህል።

«አስቀመጥኩት» አለች እህቷ።

በረኛዋ ከወንበሯ ወርዳ ጓዳዋ ደጃፍ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ስልኩንም ይዛ ወረደች። ቅንጣት ውሃ ሊያመጣላት ሄደ። ጋሼ ሰዉን ሁሉ በእጃቸው ወደየወንበሩ መለሱት።

«ሚጣ፣ አለሽ?»

«አለሁ።»

«ሌላዋ ነርስ እስክትመጣ አትዝጊው።»

«አልዘጋም።»

እህቷ አዲሱን መጠን ስትቀዳ፣ ስታጣራ፣ ቁጥሩን ለራሷ ስትደግመው በረኛዋ ትሰማለች። ከዚያ የእህቷ ጫማ እንደገና መሄድ ጀመረ፤ ከአልጋ ወደ አልጋ፣ ቀስ ብሎ። በረኛዋ ጭንቅላቷን በሩ ላይ አስደግፋ፣ ዓይኗን ሳትጨፍን፣ እያንዳንዱን እርምጃ አዳመጠች።